የእናትሽ የልጅነት ስም

ዘይኑዬ፣

ከተለየሽን አሥራ አንድ ወር አለፈ። እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም፤ መልሱን ማን ያመጣልኛል። እኛ አለን። ሰው ሲጠይቀኝ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ከሥራ እመለሳለሁ፣ ሩዝ እቀቅላለሁ፣ ዜና እሰማለሁ። እንባ ግን እንቢ አለኝ። መጀመሪያ ጥንካሬ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ወግቶኝ የረሳኝ ዓይነት ነገር መሆኑ ገብቶኛል።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ልጃችን ሐያት መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ አሌክሳንድሪያን እየዞረች ታስፈራራለች። ሳሎን ያለው ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ቀን ጓ ብሎ ዝም አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ኮምፒውተር የሚጠግነው ኤልያስ ዘንድ ወሰድኩት። ከፈተው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠውና «ጋሼ፣ ሃርድ ድራይቩ ሞቷል» አለኝ። ወዲያው ፊቴን አይቶ ደነገጠና «ማለቴ… አልነሳም ብሏል» ብሎ አስተካከለው። ለቅሶ ሊደርስ ከመጣው ሰው እንኳ እንዲህ የተጠነቀቀልኝ የለም።

«ፓስወርዶች እዚህ ላይ ሴቭ አድርገው ነበር?» አለኝ። አንቺ አድርገሽ ነበር እንጂ። የመብራቱ፣ የሐያት ትምህርት ቤት፣ የላይብረሪው። እኔ አንዱንም በእጄ ጽፌ አላውቅም፤ ማሽኑ ያውቃል፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔን ምን አስጨነቀኝ። ሁለታችሁም በአንድ ዓመት ውስጥ ጥላችሁኝ ሄዳችሁ።

የመብራቱን በስልክ አስተካከሉልኝ። የቸገረኝ የአንቺ ኢሜይል ነው። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ራሱ ይከፍተው ነበር። እኔ አላነበውም፤ ያልተነበበው ቁጥር ሲጨምር ብቻ አያለሁ። ጂዳ ላለችው እህትሽ ለፋጡማ የጻፍሻቸው ደብዳቤዎች ሁሉ እዚያ ናቸው። እሷ በአሠሪዎቿ ኮምፒውተር ስለምታነብ፣ አንብባ ትሰርዛለች። እየሳቅሽ ስትጽፊ ከጀርባሽ ሆኜ እሰማ ነበር። ሐያት «ዳዲ፣ ብዙ ጊዜ ካልተከፈተ ዲሊት ያደርጉታል» አለችኝ። «ሁሉንም?» አልኳት። «ኤቭሪቲንግ» ብላኝ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች።

ፓስወርድ የጠፋበት ሰው የሚጠየቀው ጥያቄ መጣ፤ እናትሽ ከማግባታቸው በፊት የነበራቸው ስም። ይህን ኢሜይል ስትከፍቺ ትዝ ይልሻል? ዲቪው አሜሪካ አምጥቶ ከጣለን ገና ሁለተኛ ወራችን ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ቁጭ ብለን «ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?» አልሽኝ። እኔ ሁሉን አዋቂው፣ የፈረንጅ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ትታ የባሏን እንደምትይዝ ከታሪኩ ጀምሬ አስረዳሁሽ። «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ዝም ብለሽ የእናትሽን አባት ስም ጻፊ» አልኩሽ። ፈገግ ብለሽ አንድ ነገር ጻፍሽ። ማስረዳቴን ስላልጨረስኩ የጻፍሽውን አላየሁም።

እናም የእናትሽን አባት ስም፣ «ይማም» ብዬ ጻፍኩ። ተሳስተሃል አለኝ። የይማምን አባት ሞከርኩ። የአባትሽን አባት ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ ስሳሳት ለአንድ ቀን ዘጋብኝ። በማግስቱም እንዲሁ።

የቀሩኝ እናትሽ ነበሩ። አልዋሽሽም ዘይኑዬ፤ ከቀብርሽ ወዲህ ደውዬላቸው አላውቅም። መርዶውን እንኳ በሰው ነው ያስነገርኩት። ልጃቸውን ይዤ የመጣሁ እኔ ነኝ፤ ምን እላለሁ? የስልክ ካርድ እገዛለሁ፣ ቁጥሩን እፍቃለሁ፣ መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። መሳቢያው ሞልቷል።

አርብ ከጁምዓ ስመለስ ደሴ ደወልኩ።

«ማነህ?»

«ሰይድ ነኝ፣ እማማ ትብለጥ።»

 «ስልካችሁ የተበላሸ መስሎኝ ነበር» አሉ።  ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የኮምፒውተሩን ነገር በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። «ታዲያ የእኔ ስም ለሱ ምን ያደርግለታል?» አሉ።

«ሲያገቡ የተዉት ስም ካለ ነው» አልኳቸው፣ እንደሌለ እርግጠኛ ሆኜ።

«እንዴት አይኖርም! ትብለጥ ያሉኝ አማቴ ናቸው፣ የሰርጌ ማግስት። አባቴ ቤት ስሜ መዲና ነበር። አንተ የተማርክ አይደለህም እንዴ? ለሙሽራ አማቷ ስም እንደምታወጣላት አታውቅም?»

አውቅ ነበር። መጽሐፍ ላይም አንብቤዋለሁ። እሳቸው ላይ ደርሷል ብዬ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። አንቺ ለጥያቄው ትክክለኛውን መልስ ሰጥተሽ፣ እኔን ደግሞ ንግግሬን እንድጨርስ ተውሽኝ።

«መዲና» ብዬ ጻፍኩ። አዲስ ፓስወርድ አስወጥቶኝ ተከፈተ።

አብዛኛው የጫማ ቅናሽ ነው። ከሥሩ ለፋጡማ የጻፍሻቸው ደብዳቤዎች አሉ። ለካ እኔን «ፕሮፌሰሩ» ነው የምትይኝ። «ፕሮፌሰሩን ቲማቲም ግዛ ብዬ ልኬ፣ ቲማቲም ከየት አገር እንደመጣ አስተምሮኝ ባዶ እጁን ገባ» ይላል አንዱ። አነበብኩት፤ ምንም አልተሰማኝም። የሚቀጥለውንም አነበብኩ።

በሳምንቱ አርብ ስደውል እናትሽ «ምን ብላለች?» አሉኝ። የቲማቲሙን አነበብኩላቸው። ሳቁ። ሳቃቸው የአንቺ ነው፤ መጨረሻው ላይ ወደ ሳል የሚሄደው። ቀጣዩ መስመር አልታይህ አለኝ። «አንብብ እንጂ» አሉኝ። ትንሽ ይጠብቁኝ አልኳቸው። ጠበቁኝ።

አሁን በየአርቡ አንድ ደብዳቤ እናነባለን። ሐያትም ከክፍሏ እየወጣች አጠገቤ ትቀመጣለች። አማርኛው ሲያመልጣት «ዋት ዲድ ሺ ሴይ?» ትለኛለች፤ እናትሽ ደግሞ «ልጅቱ ምን አለች?» ይሉኛል። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ አስተረጉማለሁ።

አዲሱ ኮምፒውተር ኢሜይልሽን በከፈትኩ ቁጥር፣ ፓስወርዱን ላስታውስልህ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። አይሆንም እለዋለሁ። በየሳምንቱ ራሴ፣ በአንድ ጣቴ፣ ፊደል በፊደል እጽፈዋለሁ። ይህችን ለማንም አልሰጥም።

ሰይድሽ