ብሎኖችህን በስንደዶ ለካኋቸው

ውዴ ግዛው፣

ከተለያየን መንፈቅ ሞላን። ለሞተ ሰው ሰላምታ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም፤ እንደምን ሰነበትክ እንዳልልህ የት እንደሰነበትክ አውቃለሁ። እኔ አለሁ። ጥቁሬን እንደለበስኩ፣ ጥፍሬ ሥር የመኪና ግራሶ እንደያዘ አለሁ። ይህን ስጽፍልህ ፊቴ ይቃጠላል፤ ሳፍር ጆሮዬ እንዴት እንደሚቀላ ታውቃለህ፣ ስንት ጊዜ ስቀህብኛል።

ከቤቱ ልጀምር። የኩሽናው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል፤ ወንድምህ በቀለ ከናዝሬት መጥቶ ቆርቆሮውን አስመታልኝ። አውራጃ ግዛት ጽሕፈት ቤት በአንተ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ጸሐፊ ተቀምጧል፣ በመስኮቱ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ጎረቤታችን አደ ፋጡማ እንደ ድሮዋ ናት፤ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ወተት ታቀብለኛለች፣ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅላ ትቆጣኛለች። መኪናህም ግቢው መሀል ናት።

መኪናህ ስል የሚሰማኝ ሰው ደህና መኪና ይመስለው ይሆናል። እኔና አንተ እናውቃታለን። ጣሊያን ሚኤሶ ሜዳ ላይ ጥሎት ከሄደው ስብርባሪ ሻንሲዋን፣ ሂርና አጠገብ ከተገለበጠች ሌላ መኪና ሞተሯን አምጥተህ፣ በሮቿን ከጣውላ ሠርተህ ነው ያቆምካት። ከቢሮ ስትመጣ ከረባትህን ፈትተህ ለእኔ ትሰጠኛለህ፣ ቱታህን ትለብሳለህ፣ ከዚያ ወዲያ ለእራት ብጠራህ የሚሰማ ጆሮ የለህም። ቁልቢ የምሄደው በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሳይሆን በራሳችን መኪና መሆኑን ምለህ ነግረኸኝ ነበር። ገብርኤል ይመስክር፣ አላመንኩህም። ባሌ ብረት ወደደብኝ ብዬ ለአደ ፋጡማ ሳማህ፣ የእሷ ባል ጫቱን ይዞ ሲጎለት ከሚውል ብረት ቢወድላት እንደሚሻላት ትነግረኛለች።

ብነጫነጭም ማቀበል የእኔ ሥራ ነበር። ስታወራ ደግሞ አታቆምም። ሞረዱን ጠመኔ ቀቢው ትለኛለህ፣ የብረቱ ብናኝ ጥርሱ ውስጥ አይሞላም። እጅሽ የማይደርስበት ቦታ ዳዶ ስታስገቢ መፍቻው ውስጥ ግራሶ አስነኪ፣ ዳዶው ሳይወድቅ ተጣብቆ ይቆይልሻል። የቤንዚኑ ታንክ ካነባ የልብስ ሳሙና አሽተሽ ድፈኚው፣ እስኪበየድ ይይዛል። የዛገ ብሎን አትታገዪው፣ አሙቂውና ሻማ አስነኪው፣ ሰሙ ራሱ ሰርስሮ ይገባል። እኔ ሌማቴን እየሰፋሁ እሺ፣ እሺ እልሃለሁ፤ የሰማሁ አይመስለኝም ነበር።

ከሁሉ የምትኮራው በካርቶንህ ነው። ሞተሩን ስትፈታ ቅርጹን ካርቶን ላይ ትሥላለህ፣ በየብሎኑ ቦታ ትበሳለህ፣ ያወጣኸውን ብሎን እዚያው ቦታው ላይ ትሰካለህ። ብሎን ሁሉ ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም ነው፤ ረጅሙን በአጭሩ ቀዳዳ ከትቶ ያጠበቀ ሰው ሞተሩን ይሰነጥቀዋል። ወባው ሲጥልህ ሞተሩ እንደተፈታ፣ ብሎኖቹም ካርቶኑ ላይ እንደተሰኩ ነበር።

የቀብርህ ቀን የእድር ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ ግቢውን አጸዱ። ክፋት አይደለም፣ የሐዘንተኛ ቤት ዝርክርክ ብሎ አይታይ ብለው ነው። አደ ፋጡማ ብሎኖቹን ከካርቶኑ ነቅላ፣ እንደ ሰሐን በአመድ ፈትጋ፣ አጥባና አድርቃ በአንድ ጆንያ ከተተችልኝ። ካርቶኑ የንፍሮው እሳት ማቀጣጠያ ሆነ። እኔ ከመቃብር ተመልሼ ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ሰው ደረቱን ይደቃል፣ ያ ካርቶን ሲነድ አየሁት።

ግዛው፣ ብድግ ብዬ ጮህኩ። ስምህን ጠርቼ ቢሆን ምን ነበረበት። “ብሎኖቹን ማን ነካብኝ!” ብዬ ነው የጮህኩት። ለቅሶው ቀጥ አለ። አልቃሿ እንኳ አፏን እንደከፈተች ቀረች። አደ ፋጡማ ሐዘን ያሳበደኝ መስሏት ያ ረቢ፣ ማል ታቴ እያለች እቅፍ አደረገችኝ፤ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ያወራው እሱን ነበር፤ እኔን ያስለቀሰኝ ብረቱ እንጂ ባሌ አይደለም ተባለ። ገበያ መውጣት ተውኩ። ቤተ ክርስቲያንም ሰው ሳይመጣ ቀድሜ ገብቼ ሰው ሳይወጣ ቀድሜ እወጣ ነበር።

በአርባህ በቀለ ሽማግሌ ይዞ አስቀመጠኝ። የመበለት ግቢ ጋራዥ መምሰሉ ነውር መሆኑን፣ የሚኤሶ ብረት ነጋዴ አግኝቶ መነጋገሩን፣ መኪናዋ ተቆራርጣ እንደምትወሰድ ነገረኝ። በቀለ ክፉ ሰው አይደለም፣ በእኔ አፍሮ ነው። እሺ ብል ሁሉም ይገላገል ነበር፤ እኔም ጭምር። ምን አፌን እንደከፈተው እንጃ፣ እስከ መንፈቁ ታገሡኝ አልኳቸው፤ በራሷ ሞተር ከተነቃነቀች ትቀራለች፣ አለዚያ ይውሰዳት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በቀለ መሬት መሬት አየ። እኔ ቤት ገብቼ ትራስ ነከስኩ፤ መፍቻ ከማቀበል በቀር ምን አውቄ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባታየው ይሻላል፣ ምናልባትም አይተኸዋል። የግቢውን በር ቀርቅሬ፣ ከጥቁር ቀሚሴ ሥር የአንተን ካኪ ሱሪ አድርጌ፣ መኪናዋ ሥር በጀርባዬ እተኛለሁ። አንድ ቀን በሩን ሳልቀረቅር ኖሮ የንስሐ አባታችን ገቡ። እኔ ከሥር፣ እግሮቼ ከውጭ። ያንተን ሱሪ ለብሼ ከመኪና ሥር እየዳኽኩ ወጣሁና ግራሶ በሞላው እጄ መስቀል ልሳለም ጎነበስኩ። አባም መስቀሉን ትንሽ ሸሸት አድርገው ባረኩኝ። ምነው በተቆጡኝ።

ጆንያውን ዘርግፌ ስንት ቀን ብሎኖቹን ሳያቸው ዋልኩ። ብረት ብረት ነው፣ አይናገርም። አንድ ከሰዓት ሥራው ሲሰለቸኝ ስፌቴን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ስንደዶ መዘዝኩ። ያኔ አንዱን ስንደዶ ሞተሩ ቀዳዳ ውስጥ ጣል ባደርገው አልኩ። ታች ሲነካ በጥፍሬ ይዤ አወጣሁት፣ እዚያው ላይ ቆረጥኩት። የጉድጓዱን ልክ አገኘሁ። በየቀዳዳው እንደዚያ አደረግኩ፤ ቀይ የተነከረውን በዚህ በኩል፣ አረንጓዴውን በዚያ በኩል ላሉት ቀዳዳዎች። ብሎኑ ክዳኑንም አልፎ ስለሚገባ፣ ከዚያ ክዳኑን ገጥሜ እንደገና ለካሁ። ከእያንዳንዱ ስንደዶ ጎን፣ ታች እንዳይነካ ከሱ ትንሽ የሚያጥረውን ብሎን አስተኛሁ። ሲያልቅ የሰፌድ ጅምር ይመስል ነበር። አደ ፋጡማ በአጥሩ ላይ አይታኝ ብረቱን ደግሞ ልትሰፊው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያጠበቻቸው ብሎኖች ምን እንደነበሩ ያን ቀን አስረዳኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ወዲህ እየመጣች አቀባይ ሆነችኝ። ውሃ እንዳያፈስ ከውሃው ክዳን ሥር የሚገባውን መደፈኛ ከጫማ ካርቶን ያወጣነው አብረን ነው፤ ካርቶኑን ብረቱ ላይ አስተኝተን ዳር ዳሩን በመዶሻ ቀስ እያደረግን ስንመታው፣ ድሮ እንደነገርከኝ ራሱ ተቆረጠ።

መንፈቅህ ደረሰ። ካህናቱ ፍታቱን አድርሰው፣ ሰው በልቶ ሲያበቃ ነጋዴው ገመዱን ይዞ በጭነት መኪናው መጣ። ሰዉ ሁሉ ለመሄድ ተነሥቶ የማይሄድ ሆነ። በቀለ ኮቱን አውልቆ ልምታልሽ ብሎ በእጅ እየተዞረ ሞተር የሚያስነሣውን ማኖቬላ ያዘ። አውራ ጣቱን እንዳይጠመጥም፣ ከሌሎቹ ጣቶቹ ጎን እንዲያደርገው ነገርኩት፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ከመለሰ እጅ ይሰብራል። ቀና ብሎ አየኝና እንዳልኩት አደረገ። መታ፣ ምንም የለም። ደገመ፣ ሳለችና ዝም አለች። ነጋዴው ገመዱን መፍታት ጀመረ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀሚሴን ሰብስቤ ሞተሩ ላይ ወጣሁ፣ ቤንዚን ያራሳቸውን ካንዴላዎች ፈትቼ እንዲደርቁ ወጥ ከተሠራበት ምድጃ ዳር አሞቅኋቸው፣ በነጠላዬ ጫፍ ይዤ መለስኳቸው። በቀለ ላቡ እየተንጠፈጠፈ እንደገና መታ።

ተነሣች። ግቢው ጭስ በጭስ ሆነ፣ ዶሮዎቹ ተበታተኑ። እኔም ሳቅሁ። ፈገግታ እንዳይመስልህ፤ ሆዴን ይዤ፣ ነጠላዬ ከራሴ ወድቆ፣ በመንፈቅህ ቀን፣ ካህናት ባሉበት ሳቅሁ። ከሱ የባሰም አደረግኩ። ወደ ቤቱ በር ዞሬ “ግዛው፣ ቶሎ ና እያት” ብዬ ጠራሁህ። ጠርቼም በሩን እያየሁ ጠበቅሁህ።

በቀለ ማኖቬላውን እንደያዘ አቀረቀረ። ነጋዴው ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። አደ ፋጡማ ነጠላዬን አንሥታ ራሴ ላይ አደረገችልኝ፣ ቤት አስገባችኝ።

ስለ ሱሪው፣ ስለ ብሎኑ ጩኸት ያፈርኩት ሰዉን ነው፤ እሱ ያልፋል። አሁን ያፈርኩት አንተን ነው። አፈርህ ሳይደርቅ መሞትህን ረሳሁ፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ከእንግዲህ በዓመትህም፣ ቁልቢ ብሄድም፣ ዕድሜ ሰጥቶኝ ባረጅም አስታውስሃለሁ፤ ይህን ቃል እሰጥሃለሁ። ያቺን አፍታ ግን አትቀየመኝ። መሞትህን የረሳሁ ጊዜም የጠራሁት አንተን ነው።

ሙሉነሽ
አሰበ ተፈሪ