ያልቀየርኩት ቁጥር

ውድ ብሌን፣

እንደምን ከረምሽ? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ነገሬ ልግባ፤ ካስረዘምኩት ወኔዬ ይከዳኛል። ይህን በቴሌግራም ልጽፍልሽ ስድስት ጊዜ ጀምሬ ስድስት ጊዜ አጠፋሁት። ስለዚህ በእስክሪብቶ ነው የምጽፍልሽ። እናትሽ ቅዳሜ ወዳንቺ ሲወርዱ ያደርሱልኛል።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ከሸዋ በር ወጣ ብላ ባለችው ክፍሌ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ይዤ የሰው ሲቪ ስጽፍ ይኸው ሰባት ዓመቴ። ሰዉ ይመጣና "ምንም ልምድ የለኝም" ይላል። እኔ ቁጭ አድርጌ አናዝዘዋለሁ። የአጎቱን ሱቅ ሲጠብቅ የኖረው ልጅ ከእኔ ቤት ሲወጣ የሽያጭና የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ሆኖ ነው። አልዋሽም፤ ያለውን ነገር ቀና አድርጌ አቆመዋለሁ እንጂ። የትም መሥሪያ ቤት ብገባ "ቤዚ አይደለሽ? ሲቪዬን የጻፍሽልኝ?" የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ግን ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እዚያችው ወንበር ላይ አለሁ። ጎረቤቴ ነስሮ፣ ስልክ የሚጠግነው፣ "አቦ አንቺ ልጅ፣ አገሩን ሁሉ ድረሽ ራስሽ ቆመሽ ቀረሽ" ይለኛል። አብሬው እስቃለሁ፣ ምን አደርጋለሁ።

ባንቺ ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። የጀመረኝ ደግሞ ዛሬ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል የቤት ሥራዬን ገልብጠሽ፣ መምህሩ አንቺን "ጎበዝ" ብሎ እኔን ሳያየኝ ያለፈ ዕለት ነው የጀመረኝ። መድኃኔ ዓለም ስናስቀድስ እንኳ አሮጊቶቹ ስመው የሚመርቁት አንቺን ነው። የገዛ እናቴ "ምናለ እንደ ብሌን ፈገግ ብትዪ" ትለኝ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ውጤት በለጥኩሽ፤ ማንም ስንት አመጣሽ ብሎ አልጠየቀኝም።

ጥቅምት ላይ የውኃ ፕሮጀክቱን የሥራ ማስታወቂያ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ መጣሽ። "ቤዚዬ፣ አንቺ ካልጻፍሽልኝ ማን ይጽፍልኛል?" አልሽኝ። ቢሮው እዚሁ ሐረር፣ ሥራው ሶፊ እየወረዱ ከገበሬው ጋር መዋል፣ የሚፈልጉት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ። እኔ ከሁለት ቀን በፊት አመልክቼ ነበር፤ አልነገርኩሽም። ለምን መሰለሽ? ብወድቅ እንዳታዝኚልኝ። ያንቺ ማዘን ያንገበግበኛል።

ጻፍኩልሽ። እንዴት አድርጌ እንደጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው። ክረምት ላይ ሶፊ ወርደሽ ሴቶችን ማንበብ ያስተማርሽውን፣ ኦሮምኛሽን፣ ሐረሪኛሽን፣ የተጣላ ማስታረቅሽን ሳይቀር ደረደርኩት። ስጨርስ አነበብኩትና ከራሴው በለጠብኝ። በገዛ እጄ በጻፍኩት ሰው ቀናሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ ያንቺ ግን የራስሽ ነበረ፣ እኔ ወልውዬ አወጣሁት እንጂ።

አሠራሬን አይተሻል፤ ሲቪ ከባዶ አልጀምርም። የሌላ ሰው ፋይል እከፍትና በአዲሱ ሰው ስም አስቀምጬ ላዩ ላይ እቀያይራለሁ። ያን ቀን የከፈትኩት የራሴን ነበር። ስምሽን ቀየርኩ፣ የትውልድ ቀንሽን ቀየርኩ፣ ኢሜይልሽን ቀየርኩ። ስልኩን ረሳሁት። በመድኃኔ ዓለም እምልልሻለሁ፣ እሱ ስሕተት ነው። ስሕተት ያልሆነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። "ከውኃ ፕሮጀክቱ ቢሮ ነው" አለች ሴትዮዋ። ብድግ ስል ወንበሬ ወደቀ። "እሺ፣ እሺ" አልኩ፤ እንባዬ መጣ። ሰባት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ስልክ ነው። ከዚያ "ብሌን ጌታነህ ነሽ አይደል?" አለችኝ።

አይ፣ ጓደኛዋ ነኝ፣ ቁጥሯን ልስጥሽ ማለት ነበረብኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አይጠይቅም። እኔ ግን "አዎ፣ ነኝ" አልኩ። "ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት የጽሑፍ ፈተና አለሽ፣ መታወቂያ እንዳትረሺ" ስትለኝ "እመጣለሁ፣ አመሰግናለሁ" ብዬ ዘጋሁት። ለእኔ ለራሴ አልደወሉም። እስከ ዛሬም አልደወሉም።

ረቡዕ መጥተሽ "ዝም አሉኮ፣ ምን ይመስልሻል?" አልሽኝ። "ቢሮ ነው፣ ይንቀራፈፋል፣ ጠብቂ" አልኩሽ። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ፈጢራ በወረቀት ጠቅልለሽ ከች አልሽ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ፈተናው በባጃጅ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ቦታ እየተሰጠ እኔና አንቺ ማር የፈሰሰበት ፈጢራ እንበላለን። ትልቁን ቁራሽ ወደ እኔ ገፋ አደረግሽልኝ። በላሁት፣ ብሌን። ጣፈጠኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ያላገኘሽውን ነገር እኔ በእጄ ይዤ ነበር፤ የጣፈጠኝ እሱ ነው።

ኅዳር ላይ ሥራ ስታጪ ወደ አክስትሽ ሱቅ ሄድሽ። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት እጄን ይዘሽ "ቁጥርሽን እንዳትቀይሪ፣ እሺ?" አልሽኝ። "ምን ሆኜ እቀይራለሁ?" አልኩሽ። ናፍቆት መሰለኝ። ሚኒባሱ ኩርባውን ሲታጠፍ እፎይ እንዳልኩ ግን ልደብቅሽ አልፈልግም።

ባለፈው ሰኞ እናትሽ እትዬ ሥራዬ የወረቀት ማኅደርሽን ይዘው መጡ። "ቤዚዬ፣ ብሌን እዚያው ድሬ ሥራ አመልክታለች፤ ዲግሪዋን ስካን አድርገሽ ላኪላት" አሉኝ። "እሺ እትዬ፣ አረፍ ይበሉ" አልኳቸው። ዲግሪውን ስስበው ያ ሲቪ አብሮ ወጣ። ከስምሽ ሥር ያለው ስልክ ቁጥር፣ የእኔ ቁጥር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተከቧል። ሌላ ምንም አልተጻፈበትም።

"ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?" አሉኝ እናትሽ።

"ሙቀቱ ነው" አልኳቸው። በጥር፣ ሐረር ላይ። ነጠላቸውን ተከናንበው አዩኝ።

ታውቂ ነበር ለካ። እጄን ስትይዢኝ ታውቂ ነበር።

ትናንት ደግሞ ከድሬ አንድ ሰውዬ ደወለልኝ። "ብሌን ጌታነህ ለሪፈረንስ ያስመዘገበችው እርስዎን ብቻ ነው። በደንብ ያውቋታል?"

"ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ" አልኩት።

"እምነት የሚጣልባት ናት?"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎት "ሃሎ? ሃሎ?" ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔም እንኳ አፌ ላይ መጣልኝ፤ "ጎበዝ ናት፣ ትንሽ ትዘናጋለች እንጂ" የምትል ነገር። ሰውን የምታነሣ ቃል መምረጥ የሚያውቅ ሰው የምትጥለዋንም ያውቃል፣ ሙያዬ ነው። እሷን ካልኩ ሥራው እንደገና ይቀርብሻል። ዋጥኳት።

"ከእኔ ይልቅ ትታመናለች" አልኩት።

ትሕትና መስሎት ሳቀ።

"አይሳቁ፣ እንዳልኩዎት ይጻፉት" አልኩት። ስለ ሥራው ሳትሰሚ አትቀሪም፤ ሲዘጋ ድምፁ ደስ ያለው ይመስል ነበር።

ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ አብሰለስላለሁ፤ የእኔን ስም ለምን ጻፍሽ? ልትፈትኚኝ ነው ወይስ ይቅር ብለሽኝ? ይቅር ብለሽኝ ከሆነ፣ አየሽ፣ በዚህም በለጥሽኝ። አሁንም ቀናሁ። ባንቺ ቦታ እኔ ብሆን ያንቺን ስም አልጽፍም ነበር።

ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት፣ ያውም በእናትሽ እጅ በምልከው ወረቀት፣ ድፍረት ይሆንብኛል። ስድብ ካለሽም ስደቢኝ፣ ይገባኛል። ብቻ ዝም አትበዪኝ። ደውዪ። ቁጥሬን አልቀየርኩም።

ቤዚ
ሐረር