ስድስቱን «ሥራ ፈቶች» ላሰናበቱት ኃላፊ

ለክቡር የክሊኒካችን የቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፣

አንድ ፕሮግራም ብቻ ከፍቶ፣ ኮምፒዩተሩ በሚያሳየው የሥራ ዝርዝር ላይ ያው ስም ሰባት ቦታ ተደርድሮ ሲያይ «ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል?» ብሎ ያልጠየቀ ማን አለ? እርስዎም ጠይቀዋል፤ ከሌላው ሰው የሚለዩት መልሱን ሳይሰሙ በመወሰንዎ ነው። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ካሰናበቱኝ ወዲህ ሰፊ ዕረፍት አግኝቼ እጅግ ደህና ነኝ። ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. የካርድ ክፍሉ ፕሮግራም በሆዱ ብራውዘር፣ ማለትም የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻ፣ የተሸከመ ነው። ለሚከፍተው ገጽ ሁሉ አንድ አንድ ረዳት ፕሮግራም ያስነሣል፤ ረዳቱም የታካሚ ፋይል እንዳይነካ፣ ቢበላሽም ሌላውን እንዳያበላሽ፣ በየራሱ ዝግ ክፍል ተቆልፎ ይሠራል። ይህን በተቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ የተማርኩትን ለማሳየት እየቸኮልኩ፣ በሥዕል ጭምር ሳስረዳዎ «አንቺ ልጅ፣ አንድ ሰው ለሚሠራው ሥራ ሰባት ሰው አልቀጥርም!» ብለው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

፪. ስድስቱ ረዳቶች እንዲቀነሱ፣ ቁልፉም «ማሽኑን ስለሚያዘገይ» እንዲነሣ በማኅተም ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። በሩን ነቅሎ ጥሎ «ቤቱ ነፋሻ ሆነ» ማለት ለካ ቅልጥፍና ነው።

፫. በዘጠነኛው ቀን የመድኃኒት አቅራቢው የኢንተርኔት ገጽ በቫይረስ ተበክሎ መጣና የሚያግደው ቢያጣ የሦስት ወር የቀጠሮ መዝገብ ይዞ ጠፋ። ለቀዶ ጥገና ወረፋ ሲጠብቁ የከረሙ አዛውንት «አባባ፣ ስምዎ የለም» ተብለው ሲመለሱ ቆሜ አየሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው እርስዎ፣ ጥፋተኛዋ እኔ። በስንብት ደብዳቤዬ ላይ «በአዲሷ ተቀጣሪ ቸልተኝነት» የምትለዋን የመሰለች አጭር ልብ ወለድ አንብቤ አላውቅም። ይህቺን ደብዳቤ ይዤ ያንኳኳሁት መሥሪያ ቤት ሁሉ በሩን ዘግቶብኛል።

ትልቁ ምስጋናዬ ግን ትእዛዝዎን ሁሉ በጽሑፍ ስለሚሰጡ ነው። ከግርጌው ተቃውሞዬን ጽፌበት፣ እርስዎም ሳያነቡት «ታይቷል» ብለው የፈረሙበት የዚያ የማኅተም ትእዛዝ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ለክሊኒኩ ቦርድም ደርሷል፤ ለአዛውንቱ ልጆችም በእጄ ሰጥቻለሁ። ስንብቴ ተሽሮ፣ ስሜ በጥፋተኝነት ከተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ ይቅርታዎ እስኪለጠፍ ድረስ ማዳረሴን አላቆምም።

ከማይበርድ አክብሮት ጋር፣
የእርስዎው አዲስ ተቀጣሪ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ መልስዎን በጽሑፍ ያድርጉልኝ፤ ፊርማዎ ያምራል። ከዚሁ ክፍል በ«ቸልተኝነት» የተሰናበታችሁና የዚህ ደብዳቤ ቅጂ የደረሳችሁ እኅት ወንድሞቼም ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሰኞ ጠዋት ቦርዱ ቢሮ በር ላይ እንገናኝ። እስካሁን አራት ነን፤ አራታችንም የተፈረመበት ትእዛዝ ቅጂ አለን።