ሽጉጤን ለአባትሽ ያልሰጠሁበት ቀን

ይድረስ ለልጅ ልጄ፣ ለቁስል ክፍሏ እመቤት፤

ከሁሉ አስቀድሞ ለመላው ቤተሰብ በታላቅ ክብር የሚገለጸው ዜና ይህ ነው፦ ለሦስት ቀናት ሲፈለግ የሰነበተው መነጽሬ ትናንት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ተገኝቷል። የተገኘውም የለበስኩት ኮት ኪስ ውስጥ ነው።

ጤናሽስ እንዴት ነው? ቆሞ መዋል ያመጣብሽ የወገብ ሕመም ተወት አደረገሽ? እኔ ከእግሬ አውራ ጣት በቀር ደህና ነኝ። እሱ ግን ከእኔ ጋር መኖር ሰልችቶት ጥቁረቱን ለጎረቤቱ ጣት አጋብቷል። የስኳር ሕመምተኛ ቁስል ቀን አይሰጥም ያልሽኝን አልረሳሁም። ካባረርሽኝ ግን ይኸው ስምንት ቀኔ!

አዎ፣ አባረርሽኝ። ንፍጥሽን በመሐረቤ የጠረግሁ ሰውዬ፣ በሰው ፊት ውጣ ተባልኩ።

በሩ ላይ የለጠፍሽውን ወረቀት አንብቤዋለሁ። መሣሪያ የያዘ ታካሚ ለአስታማሚው ሰጥቶ ይግባ፣ አለዚያ አይታከምም ይላል። ሕጉስ ደግ ሕግ ነው። ያ ባለጠመንጃ ወንድሜን አስቀድሙ ብሎ ባልደረባሽን ካስፈራራ ወዲህ የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት መጋዘን ጠብቄ የለ? እጇ የሚንቀጠቀጥ ነርስ መርፌ መውጋት አትችልም።

ዘበኛችሁ ወገቤን ዳብሶ ሽጉጤን ሲያገኝ፣ «አባቴ፣ እሱም ካርድ ያወጣል እንዴ?» ብሎ ባለወረፋውን ሁሉ አሳቀብኝ። አንተው ያዝልኝ ስለው፣ ተከልክያለሁ አለ። ለካ የአንዱን ጠመንጃ ለማያውቀው ሰው አስረክቦ ጉድ አፍልቶባችኋል። አንቺም ከውስጥ ብቅ ብለሽ፣ ምን ያጨቃጭቃል አባባ፣ አባዬ አብሮዎት አይደል፣ ለእሱ ይስጡትና ይግቡ አልሽ። አባትሽ እጁን ዘረጋ። እኔ ደግሞ፣ ለእሱስ አልሰጥም አልኩ።

የዚያን ጊዜ ፊቱን ያየሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ልጄን በአደባባይ አዋረድኩት። አንቺም ተቆጥተሽ፣ እግርዎን ወይ ሽጉጥዎን ይምረጡ አልሽኝ። እኔም እያነከስኩ ወጣሁ።

ይህ ሽማግሌ ቤቱ አስቀምጦት ለምን አይመጣም ትይ ይሆናል። ቤት የሚውለው ማን ሆነና? የሚሠራበት ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ አባትሽ እኔን ለማሳከም ካልሆነ ከቤት አይወጣም። መሳቢያ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ እስክሪብቶ ፍለጋ ነው። የሚሳሳላትን የእጅ ሰዓቱን ለወንድምሽ ሰጠው። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ምንም ሳልለው፣ አሰለቸኋችሁ አይደል አለኝ። ቀልድ ሳወራለት ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው። ስለዚህ ሽጉጡን ስተኛም ከወገቤ አልፈታውም። ጎኔ በልዞ የወይን ጠጅ መስሏል፤ እሱንም ታክሚልኛለሽ።

ስልክ እንዳልደውልልሽ አባትሽ ከጎኔ አይርቅም። ይህንንም የምጽፈው የጡረታ ማመልከቻ ነው ብዬው ነው፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ታደርስልሻለች። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ሽጉጡን እንዳላስረክብ ደግሞ እግሬ እምቢ አለ፤ አባትሽንም ብቻውን ትቼው መውጣት አልወድም።

ቅዳሜ ሥራ የለሽም። ነዪ። ወንድምሽን አባቱ ዘንድ አስቀምጪውና እኔና አንቺ ሽጉጡን ከነፈቃዱ እናስረክብ። ከዚያ በኋላ ጣቴን ቁረጪው፣ ቀጥዪው፣ አልናገርሽም። አባትሽን የሚያይ ደህና ሐኪም ግን ከአሁኑ ፈልጊለት። እኔ ተረብ እንጂ ሌላ መድኃኒት አላውቅም፤ ተረቤም አልሠራለት አለ።

እጅሽ ይባረክ፤ የነካሽው ሁሉ ይዳን። ወጥተሽ ስትገቢ ክፉ አይይሽ።

ያኮረፈው አያትሽ

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ እስክሪብቶ ፍለጋ ነው ያልኩትን። አባትሽ መሳቢያ ሲከፍት ምን እንደሚፈልግ ደፍሬ ጠይቄው አላውቅም።