ሳይቀባ የቀረው የአናት ቅቤ

እምዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። ሙት ዓመትሽን እንደ ወጉ ዘከርን። ጉና ሥር ያለውን ቤትሽን ጎረቤትሽ እትዬ ታንጉት ይጠብቁልናል። ላሚቱ እንስት ጥጃ ወልዳለች፤ ድንቹን ግን ዘንድሮ ውርጭ መታው። ይህን ሁሉ የማስቀድመው ዋናውን ለመናገር አፍሬ ነው።

ደብረ ታቦር ደምሽን የተመረመርሽ ዕለት፣ ሐኪሙ ኮሌስትሮልሽ ከፍ ብሏልና ቅባት ቀንሺ አለሽ። ምክሩ ልክ ነበር፤ በደም ውስጥ ሲበዛ የደም ሥር ያጠባል። እኔ የባዮሎጂ መምህሩ ልጅሽ ግን ቤት ስንገባ ኮሌስትሮል መርዝ ነው አልኩሽ። በቃ። አንቺም እንደ ንስሐ አባትሽ ቃል ተቀበልሽኝ። ከወጥሽ አልፈሽ ከአናትሽም ቅቤ አራቅሽ፤ በአናትሽ ገብቶ ልብሽ ድረስ የሚወርድ መሰለሽ። ለፋሲካ ጎረቤቶችሽ ፀጉራቸው በቅቤ ወዝቶ ሲመጡ፣ አንቺ ደረቅ ፀጉርሽን በሻሽ ጠቅልለሽ ተቀመጥሽ። ብርዱ አናቴን ፈለጠኝ እያልሽ እንኳ አልነካሽውም።

የአናት ቅቤ ከዚህ ጋር ምንም እንደማያገናኘው አውቅ ነበር። ግድ የለም ተቀቢ ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን የመምህራን ማረፊያ ገብቼ እንደ ቀልድ አወራሁት፤ ሳቁልኝ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ መርዝ ከሆነ ታዲያ ፈጣሪ ምን ሊያደርግልን ሰውነታችን ውስጥ አኖረው ብለሽ ጠየቅሽኝ። አንቺ አይገባሽም አልኩሽ። እውነቱን ልንገርሽ እምዬ፣ እኔም አልገባኝም ነበር።

ዘንድሮ ስለ ሴል ሽፋን ሳስተምር አንዲት ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። ደነገጥሁ። ሄጄ ቁጭ ብዬ አነበብሁ። እያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል በስስ የቅባት ሽፋን የተከበበ ነው። ያንቺን ቅቤ አስቢው፤ ጉና ላይ ቢላ አላስገባ የሚለው፣ ወርዶ ሐሙሲት ገበያ ሙቀት ሲደርስ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው። ሽፋኑም ለብቻው ቢተው እንደዚያው ያስቸግር ነበር። ኮሌስትሮል በቅባቶቹ መካከል እየገባ ሲበርድ እንዳይደርቅ፣ ሲሞቅም እንዳይላላ ይይዘዋል። በየቦታው እኩል የተበተነም አይደለም፤ ማኅበርተኛ እንደሚፈላለግ ከሚስማሙት ቅባቶችና ፕሮቲኖች ጋር ይሰባሰባል። ወደ ሴሉ የሚመጣ መልእክት አንዳንዱ በእነዚያ ቦታዎች በኩል ይገባል ይላሉ፤ ተመራማሪዎቹ ገና ይከራከሩበታል። ጉበታችን ራሱ ይሠራዋል እኮ! መርዝ ነው ያልኩሽ ነገር ሴሎችሽን ይዞ ያኖረሽ ነበር። ጥያቄሽ ከእኔ ዲግሪ ይበልጥ ነበር።

ለሙት ዓመትሽ ሳጥንሽን ስንከፍት የአናት ቅቤሽ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ተገኘ። ጣት አልነካውም። እትዬ ታንጉት አይተው አለቀሱ፤ ልጄ ሲፈቅድልኝ እቀባዋለሁ ትለኝ ነበር አሉ። እኔን ስትጠብቂ ነው የሞትሽው።

ይቅር በይኝ ማለት እንኳ ያሳፍረኛል። ይህን ግን ቃል እገባልሻለሁ፤ በየዓመቱ ያን ትምህርት ስጀምር፣ ከሁሉ በፊት ጥያቄሽን ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ። የእናቴ ጥያቄ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። እንደሳቅሁብሽም ጭምር።

ልጅሽ