ወደ ጥጡ ጎጆ የገባሁበት ቀን

ውድ እናቴ ከድጃ፣ እማ፣

ከተለየሽኝ ሃምሳ ዓመት አለፈ። አንቺ ስትሄጂ የነበረሽን ዕድሜ ካለፍኩት ቆይቻለሁ፤ አሁን ብንገናኝ የሚያዩን ሰዎች እኔን እናት፣ አንቺን ልጅ ያደርጉናል። ጸጉሬ ነጭ ሆኗል፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይፈራል። ያንቺ ፊት ግን እንደዚያው ነው፤ በግራ ቅንድብሽ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ እንኳ አልጠፋችኝም። ይህን ደብዳቤ ወዴት እንደምልከው አላውቅም። ሳልጽፈው መሞትን ግን ፈራሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ጀውሃ አንቺ የምታውቂያት ጀውሃ አይደለችም። ጣሊያን ያስቆፈረው መንገድ አስፋልት ለብሶ የደሴ መኪና ቀኑን ሙሉ ያልፍበታል። ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ ሰዒድ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። አዎ፣ ያ ጡት ሳይጥል ትተሽው የሄድሽው ሰዒድ ዛሬ የስድስት ልጆች አባት ነው። ማሽላውን ቀነስ አድርጎ ማሾ የሚሉትን አረንጓዴ ጥራጥሬ ይዘራል። መልክሽን አያስታውስም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ከሩቅ ሲመጣ ሲያዩት «የከድጃ አረማመድ ነው» ይሉታል።

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ በዓይን የማይታይ ነገር ስከታተል ኖርኩ፤ ቫይረስ ይባላል። አንቺ በልጅነትሽ ያየሽው የኅዳር በሽታ ከእሱ የመጣ ነው። ኩፍኝም፣ የሚያብድ ውሻ በሽታም እንደዚሁ። እኔ ከሁሉም በላይ ያጠናሁት ግን ኢንፍሉዌንዛ የሚባለውን፣ ያንን የኅዳሩን ዘር ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «ለምን እሱን መረጥሽ?» ሲሉኝ «በእንቁላል ውስጥ ስለሚያድግ ነው፤ እንቁላል ርካሽ ነው» እያልኩ አስቃቸው ነበር። እውነቱን ለማንም አልተናገርኩም። አሁን የምነግርሽ እሱን ነው። ግማሹን ታውቂዋለሽ፤ የማታውቂው መሃል ላይ ስላለ ከመጀመሪያው ልጀምር።

አባባ ዱር ገብቶ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። የመንገዱ ሠራተኞች ሳል ይዟቸው በየድንኳኑ ወድቀዋል ይባል ነበር። አንድ ጠዋት ከማሽላው ውስጥ የጣሊያን ወታደር ልብስ የለበሰ ሐበሻ ተዘርሮ አገኘሽ። ከጦሩ ኮብልሎ ነበር። ፊቱ እንደ ፍም ቀልቷል፤ ሲተነፍስ ደረቱ ይጮኻል። ጎረቤታችን እትዬ ጦይባ ሮጠው መጥተው «ከድጃ፣ አብደሻል? ባልሽን የገደሉት የዚህ ጓደኞች አይደሉም ወይ? ቢደርሱብን መንደሩን ነው የሚያቃጥሉት» አሉሽ። አንቺ ጫማውን እየፈታሽ ነበር። ቀና ሳትዪ «ልብሱን ካወለቅንለት ሰው ነው» አልሻቸው። እትዬ ጦይባ በእግሩ በኩል ያዙልሽና ጥጥ ወደምናስቀምጥበት ጎጆ አስገባችሁት። ልብሱን ቀበርሽው። ስሙ ሐጎስ ነበር።

ያን ቀን እጄን ይዘሽ ከጎጆው በር ፊት አቆምሽኝ። በልጅነትሽ በኅዳር በሽታ ከቤታችሁ አንቺ ብቻ እንደተረፍሽ፣ ከታመመ ጋር የተኛ ሁሉ እንደወደቀ፣ አንቺ ግን ፍየል ጠባቂ ሆነሽ ውጭ ስለነበርሽ እንደቀረሽ ነገርሽኝ። «ይህ በሽታ በእስትንፋስ ነው የሚመጣ። ይህን እንጨት አልፈሽ እንዳትገቢ» ብለሽ በበሩ ላይ አግድም ዱላ አኖርሽ። አንቺ ራስሽ ስትገቢ በነጠላሽ አፍና አፍንጫሽን ታስሪ ነበር። ምግቡን አስቀምጠሽ ፊትሽን አዙረሽ ትወጫለሽ፤ ከዚያ እጅሽን በእንዶድ አረፋ እስከ ክንድሽ ትታጠቢያለሽ። ማን አስተማረሽ? ከዓመታት በኋላ ባሕር ማዶ ሄጄ፣ ነጭ ካፖርት ለብሼ የተማርኩት ይህንኑ ነበር። ያ ቫይረስ ላዩ ላይ የስብ ልባስ አለው፤ ሳሙና ሲነካው ልባሱ ይቀደድና ይሞታል። መምህሩ ይህን ሲያስረዳ እኔ የማየው ያንቺን ክንድ ነበር።

በአራተኛው ቀን ፈትልሽን ይዘሽ ወደ ሮቢት ገበያ ወረድሽ። ሰዒድን ለእኔ ተውሽልኝ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ከጎጆው ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። «ኣደይ… ማይ… ማይ» ይላል። ያኔ ቋንቋውን አላውቀውም፤ «እናቴ… ውሃ… ውሃ» ማለቱ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው፤ ግን እማ፣ የዚያን ድምፅ ትርጉም ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም ነበር። በዱላው ላይ አጎንብሼ አየሁት። ውሃ የሞላሽለት ቅል ከጎኑ ነው፤ እጁን ይሰድዳል፣ አይደርስም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ብዙ ቆምኩ። ከዚያ በዱላው ሥር ሾልኬ ገባሁ።

ራሱን በክንዴ ደግፌ አጠጣሁት። ዓይኑ ተከፍቶ ነበር፤ ግን እኔን አላየኝም። ግማሹን ጠጣ፤ ቀጥሎ ትን አለውና ፊቴ ላይ ሳለብኝ። ሙቀቱ እስካሁን ጉንጬ ላይ አለ። በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ ወጣሁ።

ስትመለሺ ቅሉን አየሽ። «ገብተሻል እንዴ?» አልሽኝ።

«አልገባሁም፣ እማ።»

አመንሽኝ። ዋሽቼሽ አላውቅም ነበርና።

ከሁለት ቀን በኋላ አተኮሰኝ። አንቺ ግንባሬን ዳስሰሽ «ንዳድ ነው፤ ዝናቡ ገና ማቆሙ ነው» አልሽ። በቆላው ንዳድ፣ ዛሬ ወባ የሚሉት፣ የማይነካው ልጅ የለም፤ ንዳድ ደግሞ በእስትንፋስ አይመጣም። ስለዚህ ነጠላሽን አላሰርሽም። ደረትሽ ላይ አስተኛሽኝ፤ ስስል ፊቴን በአንገትሽና በትከሻሽ መሃል ደበቅሽው። እኔ ደግሞ ንዳድ አለመሆኑን አውቅ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እማ፤ ግን አውቅ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ነጠላሽን ታስሪ ነበር። ያን ቃል የያዘብኝ ቁጣሽን መፍራቴ አልነበረም። እቅፍሽ ሞቆኝ ነበር፤ እንዳትለቂኝ ብዬ ነው።

እኔ ስድን አንቺ ወደቅሽ። ሰዒድን እትዬ ጦይባ ወሰዱት፤ እሱን ምንም ሳይነካው ቀረ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። አምስት ቀን ቆየሽ። የሳልሽን ድምፅ ከሺህ ሳል እለየዋለሁ፤ እርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስል ነበር። የቀበሩሽ የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ሐጎስ ከጥጡ ጎጆ በር ላይ ግድግዳ ይዞ ቆሞ ጀናዛሽ ሲያልፍ አየ፤ በማግስቱ ሄደ። እኛን አክስቴ መዲና ወደ ማጀቴ ወሰደችን።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሐጎስ ተመልሶ መጣ። ደብረ ብርሃን የአንድ ክሊኒክ ዘበኛ ሆኖ ነበር። ከሽማግሌዎች ፊት ተንበርክኮ «ሴትዮዋን የገደልኳት እኔ ነኝ፤ በሽታዬን ይዤ ቤቷ ገብቼ። ልጇን ላስተምር» አለ። አክስቴ አልቅሳ እምቢ አለች፤ ክርስቲያን የእስላም ልጅ ይዞ ሊሄድ? ሃይማኖቷን አልነካም ብሎ ምሎ፣ ሽማግሌ ዋስ ሆኖት፣ አዲስ አበባ የሴቶች ትምህርት ቤት አስገባኝ። በየወሩ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣ ነበር። ጋሼ አልኩት። ሚስት አላገባም። «የእናትሽን ሞት ተሸክሜ ሌላ ቤት አልሠራም» አለኝ አንድ ጊዜ። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ የእኔን ሸክም እንዲሸከም ተውኩት።

በሥራዬ ላይ እንዴት እንደምትመጪብኝ ልንገርሽ። ጠዋት ጠዋት እንቁላሎቹን በመብራት ፊት ይዘን እናያለን፤ ጽንሱ በሕይወት ካለ ቀይ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ከሞተ ይጠፋሉ። ሥሮቹ የጠፉበት እንቁላል እጄ ላይ ሲገኝ ከኋላዬ ትስያለሽ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት ክፍል። ዘወር እላለሁ፤ በሩ ላይ የነጠላሽ ጫፍ ያለፈ ይመስለኛል። ባልደረቦቼ ዘወር ማለቴን ለምደውት ነበር።

ከሁሉ የከፋውን የተማርኩት በኋላ ነው። ያ የስብ ልባስ የቫይረሱ የራሱ አይደለም። ከታመመው ሰው ገላ ሲወጣ ከዚያው ሰው ገላ ቀዶ የሚለብሰው ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ግቢው ወጣሁ፤ የት እንደምሄድ ሳላውቅ እስከ ምሳ ሰዓት ተመላለስኩ። ወደ አንቺ የመጣው የእኔን ገላ ለብሶ ነበር፣ እማ።

ባለፈው ዓመት ጋሼ ሐጎስ ታሞ አልጋ ያዘ። እንዳበቃለት ሳይ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጎጆውን፣ ቅሉን፣ ውሸቴን። «አንተ አልገደልካትም፣ ጋሼ። በጥንቃቄዋ ካንተ አምልጣ ነበር። ያደረስኩባት እኔ ነኝ» አልኩት። ቀለል ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን «ውሃውን ያጠጣሽኝ አንቺ ነሽ?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ እኮ እናቴ መጥታ ያጠጣችኝ ነበር የሚመስለኝ። ጦር ሜዳ እያለሁ ነው የሞተችው። አንድ ጊዜ መጥታልኛለች እያልኩ ነው የኖርኩት» አለ። እንባው ወደ ጆሮው ወረደ። «እንግዲህ አልመጣችም ማለት ነዋ።» እኔ የራሴን ሸክም ሳወርድ የእሱን መጽናኛ ወሰድኩበት። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ኖረ፤ እጄን ከእጁ አላወጣም። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ ግን አልነገረኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ጀውሃ ወርጄ ለሰዒድም ነገርኩት። ያለ እናት ያስቀረሁት እኔ ነኝና መስማት ይገባው ነበር። ቡናውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ማሳው ሄደ፤ እስክመለስ አልመጣም። ሁለት ወር አንድም ወሬ አልላከልኝም። ባለፈው ሳምንት ትልቋ ልጁ በአውቶቡስ መጣች፤ አንድ ጆንያ ማሾ ይዛ። «አባዬ ስጪያት አለኝ» አለች። ሌላ መልእክት አልነበረውም። ጆንያውን ስፈታ እህሉ አንድ በአንድ የተለቀመ ነው፤ ጠጠር የለበትም፣ እብቅ የለበትም። አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እማ፣ ከአንቺ መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ይቅርታውን አላህ ከሰጠኝ እቀበላለሁ፤ ካልሰጠኝም ፍርዱ ልክ ነው። ረመዳን ሲፈታ ወደ መቃብርሽ እመጣለሁ። ሰዒድ አብሮኝ ቢመጣ ከእሱ ጋር፣ ባይመጣም ብቻዬን። የሰዒድ ልጆች አያታቸው እንዴት እንደሞተች ሲጠይቁኝ እንዳለ እነግራቸዋለሁ፤ ባሏን የገደለውን ጦር ልብስ የለበሰን ሰው ከማሽላ ውስጥ አንሥታ እንዳዳነች፣ ሐኪም ሳታይ የበሽታውን መንገድ እንዳወቀች፣ ልጇንም አምና እንዳቀፈች። ምንም አላጎድልም፤ የእኔንም ድርሻ አልደብቅም። እስትንፋሴ እስካለች ድረስ ስምሽ ከዱዓዬ አይወጣም።

ልጅሽ
ዘይነባ