የእኔ ጉልበትና የሸሪፋ ወገብ

ለባለቤቴ ለከድጃ እህት፣ ለእኔም እህት ለዘሀራ፤ አሰላሙ አለይኩም። ከነልጆችሽ እንደምን ከረማችሁ? እኔ ሰባ ስድስት ሞልቶኛል፤ ዛሬም ልብሴን ራሴ አጥቤ፣ ያለ ምርኩዝ መስጊድ እሄዳለሁ። ይህንንም የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው፤ ፊደሉ ቢጣመም እንዳትስቂብኝ።

ልጃችን ሸሪፋ የጡት ካንሰሯን ከታከመች ሁለት ዓመት ሆናት፣ አልሐምዱሊላህ። እንዳይመለስ አምስት ዓመት የሚዋጥ ክኒን አላት። ክኒኑ ድንገት ያግላታል፤ መካ ከውጭ፣ እሱ ከውስጥ። በርበሬ ትተናል። ያን የማልወደውን ኤሲ ከፍታ ትቀመጣለች፤ እኔ ጋቢዬን እደርባለሁ። መገጣጠሚያዋንም ሲይዛት የጅዳዋ ሐኪም "ተራመጂ" አለቻት፤ እሷ ግን ሰነፈች። "ጉልበቴ ታስሯል፣ አራምጂኝ" አልኳት። አሁን በየማለዳው "ያላ አባዬ፣ አንተ ሰነፍ!" እያለች ትጎትተኛለች። ሕመሙ ቀለል ብሎላታል፣ ሹክረን ሊላህ። ጉልበቴ ምንም የለውም፤ እንዳትነግሪያት።

ሰሞኑን ደግሞ ወገቤን ትላለች። ክኒኑ ይሆናል። ሐሙስ ለሐኪሟ እናሳያታለን። እንዲያው ለወሬ ያህል ልጠይቅሽ፤ ከድጃን፣ አላህ ይርሐማትና፣ በዚሁ በሽታ ያስታመምሻት አንቺ ነሽና፣ በኋላ ሲጠናባት መጀመሪያ የያዛት ጉልበቷን ነበር ወይስ ወገቧን? ቶሎ ጻፊልኝ።

ዕዳዬን ለማንም አላወርስም። ለከድጃ ዑምራ አደርግላታለሁ። ለአንቺ ውለታ ዘምዘም ተሸክሜ ደሴ እመጣለሁ። ለሸሪፋ የተሳልኩትን በግ ክኒኗን የጨረሰች ቀን ራሴ አርዳለሁ። ሦስት ዓመት ነው የቀራት፤ ያኔ ሰባ ዘጠኝ ብሆን ነው፣ ቢላዋ አይከብደኝም።

አላህ በሰላም ያገናኘን።
ወንድምሽ ዘይኑ፣ ከመካ